ቤታችን የመጀመሪያይቱ ትምህርት ቤት፤ ከሕፃናት ጋር ዓመቱን ስለ ማቀድ



የጎጃም ገበሬ ዓመቱን ያለ አሳብ አይጀምርም። በየትኛው ማሳ ጤፍ፣ በየትኛው ስንዴ ወይም ገብስ እንደሚዘራ፣ የጤፉ መሬት ስንት ጊዜ መታረስ እንዳለበት፣ በሬ ቢጎድልበት ከማን ጋር እንደሚቀናጅ፣ ደቦውንም በየትኛው ቀን እንደሚጠራ አስቀድሞ ያሰላል። በክፉ ዓመት እንኳ ቢሆን ለዘር ያስቀመጠውን አይበላም። ታዲያ ለእህላችን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ እኛ፣ እግዚአብሔር በአደራ ለሰጠን ሕፃን ዓመቱን ተቀምጠን ያሰብንለት መቼ ነው? አባቶቻችን «ልጅን በጡት፣ እህልን በጥቅምት» ይላሉ። የጥቅምት ዝናብ ካመለጠ በኋላ የሚመጣው ውኃ የደረቀውን አገዳ እንደማያለመልም ሁሉ፣ የሕፃንነት ዕድሜም አንድ ጊዜ ካለፈ ተመልሶ አይገኝም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን ትንንሽ ልጆች ያሉአቸው ቤተ ሰቦች ዓመቱን በቤታቸው ውስጥ እንዴት በእምነትና በዕውቀት ሊመሩት እንደሚችሉ አብረን ልናስብ እንወዳለን።

ይህን ዛሬ ስለ ምን እንናገራለን?

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የትምህርት ቤቶች በሮች በአንድ ጊዜ ተዘጉ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚደረገው ስብሰባም ተገደበ። ያ አልፎ ልጆቻችን ወደ ክፍላቸው ተመልሰው ገና ሳይደላደሉ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆዩ፤ ጉዳት የደረሰባቸውም አሉ። በሰባት ዓመቱ ፊደል መቁጠር የነበረበት ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት የስሙን የመጀመሪያ ፊደል የማያውቅበት ቤት አይተናል። መንገዱ ሲያሰጋ ካህኑም እንደ ልቡ አይደርስም፤ እሑድ እሑድ ልጆችን የሚሰበስበው መምህርም ይቀራል።

በዚህ ነገር እኛም ራሳችንን እንወቅሳለን። ብዙ ዓመት ሙሉ ልጆችን በሰንበት ለአንድ ሰዓት ሰብስበን ካስተማርን ሥራችንን የፈጸምን መስሎን ነበር። ወላጆችን «ልጆቻችሁን ላኩልን» እያልን ለመንናቸው እንጂ፣ «እናንተ ራሳችሁ መምህራን ናችሁ» ብለን አላስተማርናቸውም። ሰንበት ትምህርቱ በተቋረጠ ጊዜ ግን ጉድለታችን ተገለጠ። በቤታቸው ጸሎት የለመዱት ልጆች ጸንተው ሲገኙ፣ እኛን ብቻ ይጠብቁ የነበሩት ግን የሚያውቁትን እንኳ ረስተው አገኘናቸው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው በእኛ ላይ ደረሰ ማለት ነው፤ የተጠመቀ ልጅ በተጠመቁ ወላጆች ቤት ውስጥ ሆኖ የእግዚአብሔር ቃል ተጠማ።

አንድ ቀን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለ የገጠር መንደር ወደ አንድ ቤት ገባን። እናቲቱ በሐፍረት አንገታቸውን ደፍተው፣ «አባ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ምን አውቄ ላስተምራቸው?» አሉን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጃቸው ከብቶቹን አስገብቶ መጣ፤ ሳንጠይቀው አማተበና አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሳሳት ደገመ። ማን እንዳስተማረው ብንጠይቀው ወደ ምድጃው ጥግ አመለከተን። በዚያ ዐይናቸው የታወረ አያቱ ተቀምጠዋል። እኒያ እናት ቤታቸው ባዶ መስሎአቸው ነበር፤ ነገር ግን መምህርት በቤታቸው ነበረች። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን፣ ያለውን ዕውቀት አይቶ በሥርዓት ማዋል ነበር።

የማርቆስ እናት ቤት

ከተማችን ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው በቅዱስ ማርቆስ ስም በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ደብረ ማርቆስ ተብላለች። ይህን ስም በየቀኑ እየጠራን ማርቆስ ግን በምን ዓይነት ቤት እንዳደገ እምብዛም አናስብም። የሐዋርያት ሥራ በ12ኛው ምዕራፍ እንደሚተርክልን፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ከወኅኒ ቤት በተፈታ ጊዜ በሌሊት የሄደው ማርቆስ ወደተባለው ወደ ዮሐንስ እናት ወደ ማርያም ቤት ነበር። በዚያም ብዙዎች ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ጴጥሮስም ደጁን ባንኳኳ ጊዜ ድምፁን ለይታ በደስታ የሮጠችው ሮዴ የምትባል ልጅ ነበረች። እንግዲህ ወንጌልን የጻፈልን ሰው ጸሎት የሚደረግበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ታናናሾችም ከታላላቆች ጋር በአንድነት የሚተጉበት ቤት ልጅ ነበረ።

ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት (1፡5) የልጁን እምነት ምንጭ ሲያመለክት አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ያነሣል። ሙሴም ለእስራኤል ሕግን በሰጠ ጊዜ (ዘዳግም 6፡6-9) ወላጆች ቃሉን በቤት ሲቀመጡና በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ለልጆቻቸው እንዲናገሩ አዘዘ። ልብ እንበል፤ ሙሴ በዚህ ቦታ ትምህርት ቤት ሥሩ አላለም። መቀመጥ፣ መሄድ፣ መተኛትና መነሣት በማንኛውም ቤት፣ በድኻውም በሀብታሙም ዘንድ በየቀኑ የሚደረጉ ናቸው። የትምህርቱን ሰዓት በእነዚህ ላይ አጸናው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ታስተምራለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ (ቁጥር 11) ቤተ ሰብን እንደ ቤታዊት ቤተ ክርስቲያን ይቈጥራታል፤ ወላጆችም በቃልና በምሳሌ ለልጆቻቸው የእምነት የመጀመሪያ ሰባክያን እንዲሆኑ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫም (ቁጥር 3) ወላጆች ለልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች መሆናቸውን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም ልጆችን በእምነት የማነጽን ግዴታ በቅድሚያ በወላጆች ላይ ያኖራል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተ ሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ ይህ የወላጆች ኃላፊነት ከእነርሱ ሊወሰድ ወይም ሙሉ በሙሉ ለሌላ ሊተላለፍ እንደማይችል አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ አፍሪቃ ቤተ ክርስቲያን ባወጡት ሐዋርያዊ ምክርም ቤተ ክርስቲያንን የእግዚአብሔር ቤተ ሰብ ብለው ማየትን አጽንተውልናል።

ይህን ስንል ግን ትምህርት ቤትን መናቃችን አይደለም። ትምህርት ቤቱ ክፍት በሆነበትና መንገዱ ሰላም በሆነበት ስፍራ ሁሉ ልጆችን መላክ ይገባል፤ ወንዶቹን ብቻ ሳይሆን ሴቶቹንም። የቤት ትምህርት መደበኛውን ትምህርት የሚደግፍ፣ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ልጁ እንዳይጠፋ የሚይዝ ምሰሶ ነው።

የገዛ አገራችን ምሳሌ

ጎጃም የትምህርት አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም በቅኔና በመጻሕፍት ትምህርት የታወቁ ናቸው። በእነዚህ ስፍራዎች ተማሪው ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት እየተሸጋገረ በጥቂት መጻሕፍት ብዙ ይማር ነበር። ይህን ሥርዓት ያቆዩልን ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ናቸው፤ እኛም የዚያው ቅርስ ተካፋዮች በመሆናችን እናመሰግናለን።

ከዚሁ ምድር የወጣው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ለእኛ ልዩ ምስክር ነው። የተወለደው በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ በምትገኘው በዲቦ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ዐይኑን ያጣ ሰው ነበረ፤ ይህ ግን ከትምህርት አላስቀረውም። በመርጡለ ማርያም ተምሮ መነኰሰ፤ እውነትን ፍለጋም ብዙ አገር ዞረ። በኋላም ከቅዱስ ያዕቆብ ዩስጢኖስ ጋር ተገናኝቶ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንን ተቀበለ፤ እ.ኤ.አ. በ1851 ቅስና ተሾመ። ሁለቱ ለሀገሩ ሕዝብ የሚስማማ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጁ። አባ ገብረ ሚካኤል ስለ እምነቱ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1855 በእስራቱ ሳለ ዐረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፅዕናውን ዐወጁ። የብፁዕነቱ ፍሬ የታየው በእርጅናው ቢሆንም፣ ሥሩ የተተከለው በልጅነቱ በዚህ ምድር ነው። ሀገረ ስብከታችን የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በ2015 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የተቋቋመ ገና ሕፃን ሀገረ ስብከት ነው፤ ስለዚህ የነገው ሕልውናው ዛሬ በምድጃችን ዙሪያ በተቀመጡት ልጆች ላይ ነው።

የዕለቱ ሥርዓት

ዕቅድ ስንል ብዙ ወረቀት ማለታችን አይደለም። ብዙ የሚያቅድ ቤት በጥቅምት ይደክማል። ስለዚህ በየቀኑ ሦስት ነገሮች ብቻ ይበቃሉ።

አንደኛ፣ ጠዋት ልጁ ሲነሣ ያማትብ፤ ለዕለቱም አንድ አጭር የምስጋና ቃል በራሱ አንደበት ይበል። ሁለተኛ፣ ማዕድ ሲቀርብ ከልጆቹ አንዱ በተራው ይባርክ። ሦስተኛ፣ ማታ እሳቱ ሳይዳፈን ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ ጊዜ ለትምህርት ይሁን፤ አንድ ጸሎት፣ አንድ አጭር ታሪክ፣ ጥቂት ፊደል። የአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ቢቀመጥ አካሉ እንጂ አሳቡ አይቀመጥም። ቡና በሚፈላበት ቤት ደግሞ አቦሉ እስኪደርስ ታሪክ መንገር፣ በቶናው ልጆቹን መጠየቅ፣ በበረካው ለጎረቤትና ለታመመ መጸለይ ይቻላል። ይህ ሥራ ላይ ሥራ አይጨምርም፤ ያለውን ሰዓት ይቀድሳል እንጂ።

ፊደሉንም በልክ እንከፋፍለው። የአማርኛ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት በሰባት የተደረደረ 33 ረድፍ፣ በጠቅላላው 231 ነው። በሳምንት አንድ ረድፍ ብቻ ቢያዝ በ33 ሳምንት ይፈጸማል። ዓመቱ 52 ሳምንት ነውና 19 ሳምንት ይተርፋል፤ ይህም ለአጨዳና ለውቂያ፣ ለበዓላት፣ ለሕመምና ለክለሳ ይሆናል። ሰሌዳ የሌለው በከሰል በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወይም በጣቱ በአመድ ላይ ይጻፍ። ቁጥሩንም በባቄላና በአተር ፍሬ ያስቈጥሩት፤ መደመርና መቀነስ በእጁ ሲዳስሰው ይገባዋል። እረኛው ልጅ ከብቶቹን ቈጥሮ ሲያስገባ ሒሳብ እየተማረ ነውና ያንን አትናቁበት።

የዓመቱ ሥርዓት

ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን አስቀድማ አቅዳልናለች። የእኛ ድርሻ የእርስዋን ዕቅድ ወደ ቤታችን ማስገባት ነው።

በመጀመሪያ የዓመቱን ወንጌላዊ እንወቅ። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለአራት ስናካፍል 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዘመነ ዮሐንስ ነው። በዚህ መሠረት 2018 ዘመነ ማርቆስ፣ 2019 ዘመነ ሉቃስ፣ 2020 ዘመነ ዮሐንስ ይሆናል። የዘመኑን ወንጌል በቤት ለማንበብ ወይም ከሚያነብ ሰው ለመስማት እንወስን። ሉቃስ 24 ምዕራፍ ነው፤ በወር ሁለት ምዕራፍ ቢደርስ ዓመቱን ይሞላል። ማርቆስ 16 ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በስምንት ወር ያልቃል።

በመስከረምና በጥቅምት፦ ልጆች የአደይ አበባ ይዘው ሲዞሩ ስለ አዲሱ ዓመት ማመስገንን እናስተምራቸው። በመስቀል ደመራ ዕለት ማማተብን፣ ትርጉሙንም፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም መሆኑን እናስረዳቸው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ የእመቤታችንንና የልጅዋን ወደ ግብፅ መሰደድ እንንገራቸው። ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ልጆች በአቅራቢያችን ካሉ ይህ ታሪክ ለእነርሱ መጽናኛ፣ ለእኛም ልጆች የርኅራኄ ትምህርት ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ፦ አጨዳውና ውቂያው ቤቱን ሁሉ ይጠራል። በዚህ ጊዜ ፊደሉ ቢቆም አያሳዝን፤ የማታው ጸሎት ግን አይቋረጥ። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት በሚጾመው ጾመ ነቢያት ስድስት ሳምንት ያህል አለ፤ በየሳምንቱ አንድ አባት እናስተዋውቃቸው፦ አብርሃምን፣ ሙሴን፣ ዳዊትን፣ ኢሳይያስን፣ ዳንኤልን፣ በመጨረሻም ዮሐንስ መጥምቅን።

በጥርና በየካቲት፦ በጥምቀት በዓል ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን የጥምቀት ታሪክ እንንገረው፤ መቼና የት እንደተጠመቀ፣ የክርስትና ስሙ ማን እንደሆነ፣ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ማን እንደሆኑ። በዚያም ሰሞን ልጁ የክርስትና አባቱን ሄዶ ይሳለም።

በዐቢይ ጾም፦ ስምንቱ ሰንበቶች ስምንት ትምህርቶች ናቸው፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። በመፃጉዕ ሳምንት ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመውን ሰው ታሪክ የሰማ ልጅ፣ በማግስቱ ለአንድ በሽተኛ ጎረቤት ውኃ ይቅዳ። በገብር ኄር የመክሊቱን ምሳሌ የሰማ ልጅ ከቤቱ ሥራ አንዱን በኃላፊነት ይረከብ። ትምህርት ከሥራ ጋር ሲጣመር ይጸናል።

ከትንሣኤ እስከ ሰኔ፦ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን የደስታ ዘመን ነው። የቅዱስ ማርቆስን በዓል ሚያዝያ 30 ስናከብር የከተማችንን ስም ምክንያት እናስረዳ። በማግስቱ ግንቦት 1 ልደታ ለማርያም ነውና በዚህ ወር ከመቁጠሪያው አንዱን ዐሥርታ ብቻ በየማታው ከልጆች ጋር እንድገም። ሙሉውን አስጀምረን በእንቅልፍ ከሚጥላቸው፣ ጥቂቱን በፍቅር ቢጨርሱት ይሻላል።

በክረምቱ፦ ወላጆች በእርሻና በአረም ቢደክሙም ዝናቡ ልጆችን በቤት ያሰባስባል፤ የክለሳ ጊዜ ይሁን። የፍልሰታ ጾም ከጥንት ጀምሮ በልጆች ዘንድ የተወደደ ነው። በቡሄም ሙልሙሉ ሲታደል ልጁ ከድርሻው ለሌለው እንዲያካፍል እንልመድ። በመጨረሻም የጳጉሜን አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀናት ወላጆች ከልጆች ጋር ዓመቱን የሚመረምሩባቸው ይሁኑ፦ ምን ተማርን? ማንን አሳዘንን? እግዚአብሔርን ስለ ምን እናመስግነው?

የሚገጥሙን እንቅፋቶች

አንዳንድ እናት «ሁሉ ሸክም በእኔ ላይ ነው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ውኃ ከመቅዳት፣ እንጀራ ከመጋገር፣ ከብት ከማለብ በኋላ ማስተማሩንም ለእናት ብቻ መተው ግፍ ነው። አባት ሆይ፣ የማታውን ጸሎት አንተ ምራ። ልጅ አባቱ ተንበርክኮ ሲያይ የሚማረውን በብዙ ስብከት አይማረውም።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም አይፈሩ። ለእርሻ በሬ የጎደለበት ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ለልጆቻችንም እንዲሁ እናድርግ፤ ማንበብ የሚችል አንድ ቤተ ሰብ ከማይችል ቤተ ሰብ ጋር ይቀናጅ። አንዱ መጽሐፍ ያንብብ፣ ሌላው ቤቱንና ቡናውን ያቅርብ። ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል የደረሱ ልጆችም ታናናሾቻቸውን ያስተምሩ፤ ያስተማረ ሁለት ጊዜ ይማራልና።

ስለ ቅጣትም አንድ ቃል እንበል። ብዙዎቻችን በአርጩሜና በኩርኩም ተምረናል፤ ስለዚህ ትምህርት ያለ ዱላ የማይሆን ይመስለናል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለኤፌሶንና ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ፣ ልባቸውም እንዳይዝል አስጠንቅቋል። ጸሎት ሲሳሳት የተመታ ልጅ ጸሎትን ከሕመም ጋር ያያይዘዋል። የተሳሳተውን ደግመን አብረን እንበልለት እንጂ አንምታው።

በአካባቢያችን በቍጥር ጥቂቶች ነን። ልጆቻችን በሜዳም በትምህርት ቤትም ከኦርቶዶክሳውያን ልጆች ጋር ይውላሉ፤ ይህም መልካም ነው። የቤት ትምህርታችን የራሳችንን እምነት ለማወቅ እንጂ የሌላውን ለመንቀፍ አይሁን። ልጁ ጾሙንና በዓሉን ከጎረቤቱ ጋር የሚጋራ መሆኑን ይወቅ፤ ስለ እምነቱ ሲጠየቅም ሳያፍርና ሳይሳደብ ይመልስ።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

እናንተ የቁምስናው እጅና እግር ናችሁ። ከእንግዲህ ሥራችሁ ልጆችን ማስተማር ብቻ ሳይሆን የሚያስተምሩትን ወላጆች ማበርታት ይሁን። መንገዱ ሰላም ሲሆን በወር አንድ ጊዜ እያንዳንዱን ቤት ጎብኙ። ስትገቡም ልጁን በሰው ፊት በጥያቄ አታስጨንቁት፤ የሚያውቀውን እንዲያሳያችሁ ለምኑት። ለወላጆቹ የወሩን ጸሎት፣ ታሪክና ፊደል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ፤ ለማያነቡት በቃል ንገሩ። የመጀመሪያውን ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል የሚዘጋጁትን ልጆች ወላጆች ለብቻቸው ሰብስባችሁ አስጠኑአቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ በአንድ መንደር ሦስት ቤት እንኳ ቢተባበር ትልቅ ኃይል ነው።

ዕቅዱ ሲሰናከል

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠውን እንናገር። ይህ ዕቅድ መሰናከሉ አይቀርም። ሕመም ይገባል፤ ሐዘን ይደርሳል፤ ሰላም ይደፈርሳል፤ ወይም እንዲያው በስንፍናችን እንተወዋለን። ያን ጊዜ «ለእኛ አልሆነም» ብለን ጨርሰን እንዳንተወው ወደ ማርቆስ እንመልከት።

ማርቆስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ከወጣ በኋላ በጵንፍልያ ጥሎአቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (የሐዋርያት ሥራ 13፡13)። ጳውሎስም በሁለተኛው ጉዞ ሊወስደው እንቢ አለ፤ በዚህም ከበርናባስ ጋር እስከ መለያየት ደረሱ። በርናባስ ግን ያቋረጠውን ወጣት እንደገና ይዞት ሄደ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ያው ጳውሎስ በእስራቱ ሳለ ማርቆስን ይዞ እንዲመጣለት ለጢሞቴዎስ ጻፈ፤ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ብሎ መሰከረለት (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፡11)። በጵንፍልያ ያቋረጠው ሰው ወንጌል ጻፈልን፤ የእስክንድርያንም መንበር እንደ መሠረተ የአባቶቻችን ትውፊት ይነግረናል። ከዚያው መንበር ቅዱስ አትናቴዎስ ቅዱስ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ልኮልናል።

እንግዲህ በመስከረም ጀምራችሁ በኅዳር ያቋረጣችሁ ወላጆች፣ በጥር እንደገና ጀምሩ። በጥር ጀምራችሁ በጾሙ የደከማችሁ፣ በትንሣኤ ተነሡ። ያመለጣችሁን ሳምንት አትቍጠሩ፤ ዛሬ ማታ እሳቱ ሳይዳፈን አንድ ጊዜ አማትቡ፣ አንድ ፊደል አሳዩ። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና። የሚያቋርጥ ልጅ ቢኖራችሁም በርናባስ ሁኑለት፤ አንድ ጊዜ የተመለሰውን ለዘለዓለም እንደ ቀረ አትቍጠሩት።

በናዝሬት በድኻ ቤት ውስጥ ከእመቤታችንና ከቅዱስ ዮሴፍ ጋር በጥበብና በቁመት ያደገ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ቤቶቻችንን ይጐብኝ፤ ልጆቻችንን ከክፉ ይጠብቅ፤ የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች ይክፈት፤ ለምድራችንም ሰላሙን ይስጥ። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልና የቅዱስ ማርቆስ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።